ከተማውን ላሳያችሁ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ባልና ሚስት ወደዚህ ከተማ ከገቡ አርባ ሦስት ቀናቸው ነው። አምስት ካርቶን ዕቃቸው ገና እንደታሸገ ነው፤ የተከፈቱት ሁለት ሻንጣዎች ብቻ ናቸው። የሚኖሩት በባልየው ታላቅ እህት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዛ በተሠራች የቀለም ማከማቻ ውስጥ ነው። እህቱ የቀለም ሱቅ አላቸው፤ ሱቁ ያልቻለውን ቆርቆሮ ማከማቻዋ ትሸከማለች። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከሠላሳ ስድስት ቆርቆሮ ነጭ፣ ከአሥራ አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊና ማንም ሳይገዛው ከቀረ አንድ ረድፍ ቡናማ ጋር አንድ ጣሪያ ይጋራሉ። መስኮቱ ተከፍቶ ቢያድርም የቲነር ሽታ ከልብሳቸው አይለቅም። በሩ ቁልፍ የለውም። ከእህቱ ሳሎን የሚለያቸው ግድግዳ ችፑድ ነው። ሲገቡ የተባለው «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ነበር።

ሚስትየዋ ቀያሽ ናት፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን ለክታ ከፍታና ዝቅታውን በወረቀት የምታስቀምጥ። ባሏ ራጅ አንሺ ነው። ዝውውሩ የመጣው ለእሱ ሲሆን፣ እሷ ሥራዋን ለቅቃ ተከትላው መጥታ እዚሁ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች፤ የምትጀምረው ሰኞ ነው። ቀን ሙሉ ሰውን «ትንፋሽ ያዝ፣ እንዳትነቃነቅ» ሲል የሚውል ሰው፣ እህቱ ቤት ሲገባ ትንፋሹን የሚይዘው ራሱ ነው ብላ አንድ ቀን ቀልዳበታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ ያኔ አብረው ስቀዋል።

ያን ጠዋት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር የእህቱ ድምፅ በችፑዱ አልፎ መጣ። እህቱን ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ ወንድማቸውም፣ ደንበኞቻቸውም፣ እሷም።

«አስር ሰዓት ትለፍ ብቻ» አሉ እትዬ። «ሴትዮዋ ከአስር በኋላ ለመጣው ልትሰጠው አይደል? አዙረን አዙረን ሲመሻሽ እንመለሳለን። ከተማውን አሳየናት እንጂ ምን በደልናት?»

 ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሻይ ሲያማስል ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ ዞረ።

«እሺ» አለ ባሏ።

ቀያሿ የጫማዋን ማሰሪያ እንደያዘች ሌላ ቃል ጠበቀች። «ግን» የምትል ነገር ብትመጣ ይበቃት ነበር። አልመጣችም። ወንበር ተጎተተ፣ የውሃ ቧንቧ ተከፈተ፣ እትዬ ስለ ዳቦው ትኩስ አለመሆን ማውራት ጀመሩ።

ቤቱን ያገኘችው ሐሙስ ዕለት ነበር። በእግሯ ስትዞር፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት የተደገፈ ቢጫ የውሃ ታንከር ካለበት ማዕዘን ታጥፋ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገባ ብላ «ሁለት ክፍል ይከራያል» የሚል ወረቀት አየች። አከራይዋ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ክፍሎቹ ንጹሕ፣ በሩ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ኪራዩም እነሱ የሚችሉት። ሴትዮዋ ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ሁለቱን ክፍል ለባልና ሚስት እንጂ ለላጤ አይሰጡም፤ ባልና ሚስቱንም ሁለቱንም በዓይናቸው ሳያዩ ቃል አይገቡም። «ባለቤቴን በስልክ ላገናኝዎት» ስትላቸው ከት ብለው ሳቁ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን በስልክ ሳገናኝ ኖሬያለሁ ልጄ። በስልክ የሰማሁት ውሸት ቢጠራቀም ይህን ግቢ ይሞላል። ሰውየውን ይዘሽ ነይ። ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ሐኪም ቤት ነኝ። ከስምንት እስከ አስር እጠብቃችኋለሁ፤ አስር ካለፈ ለመጣው ነው።» ባሏ ማታውን ስትነግረው ደስ አለው፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ሁሉ ጠየቀ። ዓርብ ዕለት ለእህቱ ነገራቸው። እትዬ ተቆጡ እንዳይባል አልተቆጡም። «ከተማውን በቅጡ ሳታዩ ቤት ትከራያላችሁ? ነገ እኔ ራሴ ላሳያችሁ» አሉ፣ በዚሁ አበቃ።

እትዬ ለምን እንደማይለቋቸው ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። በአርባ ሦስት ቀን ውስጥ ራጅ አንሺው ጠዋት ሥራ ሲሄድ እህቱን ሱቅ ያደርሳል፤ ማታ ሲመለስ የደንበኛ ቀለም ያደርሳል። ቀያሿ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትወለውላለች። የቤት ሠራተኛዋ በአሥረኛው ቀን ተሰናብታለች፤ «ቤቱ ሰው ሞልቶት ሌላ ሰው ምን ይሠራል» ተብላ። በዚያ ላይ እትዬ ወንድማቸውን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት ናቸው። ይህን እሳቸው አይናገሩትም። ሁልጊዜ የሚናገረው እሱ ነው።

በሩን በርግዳ ገብታ «ሰምቻችኋለሁ» ልትል ትችል ነበር። ግን ያን ጊዜ ወሬው ስለ ቤቱ መሆኑ ይቀርና ስለ እሷ ጆሮ ይሆናል። ሌላም ምክንያት ነበራት። በእሷ ሙያ አንድ ልኬት ልኬት አይደለም። መሣሪያው ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ፣ ሁለተኛ ሳይነበብ ቁጥር በመዝገብ አይገባም። «እሺ» ያለው እህቱን ላለማስከፋት ብቻ፣ በሆዱ ሌላ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ባላ መትከል ልማዱ ነው። መሪው ያለው በእሱ እጅ ነው። ወዴት እንደሚያዞረው ታያለች። ጫማዋን አስራ ወጣች።

መኪናዋ የባልና ሚስቱ ናት፤ ከቀድሞው ከተማ ዕቃቸውን ጭነው የመጡባት አሮጌ ነጭ መኪና። እትዬ ግን ከፊት ተቀመጡ፤ «ጉልበቴ ከኋላ አይታጠፍልኝም» አሉ። ቀያሿ ከኋላ ገባች። ከጎኗ የሻይ ፔርሙስ፣ የዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቅርጫት ተደረገ፤ እግሯ መሃል ሁለት ትልልቅ ባልዲ ቀለም ገባ፤ «መንገዳችን ስለሆነ ለአንድ ደንበኛ እናቀብላለን» ተባለ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሡ። የመጀመሪያው ጉብኝት ግድቡ ነበር፤ ከከተማው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር።

መንገዱ ጥሩ ነው። ከከተማው መውጫ ጀምሮ ግራና ቀኝ የጡብ ፋብሪካ፣ የመኪና እጥበት፣ ግማሽ ድረስ ተሠርተው የቆሙ ፎቆች ተደርድረዋል። እትዬ በጣታቸው መስኮቱን እየነኩ ያስረዳሉ፤ ይሄኛውን ፎቅ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ያኛውን ልቀባ ስል ሰውየው ከሰረ፣ ይህ ሁሉ በእኔ ጊዜ ሜዳ ነበር። ለሚናገሩት ሁሉ ወደ ወንድማቸው ይዞራሉ። ወደ ኋላ የዞሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ እንቁላሉ እንዳይሰበር ለማሳሰብ፣ አንዴ ደግሞ መንገድ ዳር በሦስት እግር ላይ የቆመ መሣሪያ የሚያዩ ሠራተኞችን ሲያልፉ።

«ሙሽራዬ፣ ያንቺም ሥራ ይሄው ነው አይደል?» አሉ። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ እትዬ ግን ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት፤ ገና ዛሬ እንደመጣች፣ ነገም ልትሄድ እንደምትችል። «አንድ ዓይን ጨፍኖ ፀሐይ ላይ መቆም። ለሴት ልጅ ከባድ ነው እኮ። ባልሽ እያለ ምን አስጨነቀሽ?»

«ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ መኖር ይበልጥ ከባድ ነው፣ እትዬ።»

ራጅ አንሺው በመስታወቱ አያት። ፈገግ ሊል ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ተወው። እትዬ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉና ሌላ ፎቅ ማሳየት ቀጠሉ።

ግድቡ ጋ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመው እትዬ የደንበኛ ስልክ ሲያነሱ፣ የደንበኛ ስልክ ሲዘጉ ነው የቆዩት። ውሃው ከወትሮው ወርዷል፤ በድንጋዩ ላይ የቀድሞው ልኩ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። እትዬ ፎቶ እንነሣ አሉ። በመጀመሪያ ወንድማቸውን ለብቻው፣ ቀጥሎ ራሳቸውን ለብቻቸው፣ ከዚያም ሁለቱን አብረው። የምታነሣው ቀያሿ ነበረች። ስልኩን ስትመልስላቸው አንድ በአንድ አዩና «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ጎበዝ ነሽ» አሏት፤ ከሷ ጋር አንድም አልተነሡም። ቀጥሎ ከዛፍ ሥር ጨርቅ ተነጠፈ፣ እንቁላሉ ተላጠ፣ ሻዩ ተቀዳ። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ወይም እንዲመስል ፈለጉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባልና ሚስት ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። እሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጦ ውሃው ላይ ወረወረ፤ ሦስት ጊዜ ነጥሮ ሰጠመ።

«ስንት ሰዓት እንነሣ?» አለችው።

«እንደርሳለን፣ አይዞሽ።»

«የት?»

«ሴትዮዋ ጋ ነዋ! ከስምንት በኋላ አይደል ያሉት? ሰፊ ጊዜ አለን።» ሌላ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ሲናገር ያየው ውሃውን ነው።

«የምትነግረኝ ነገር የለህም?»

«የምን ነገር?»

«እንጃ። ካለህ ብዬ ነው።»

ድንጋዩን በእጁ አገላበጠው። «እትዬን ታውቂያታለሽ» አለ በመጨረሻ። «ክፉ አይደለችም። ብቻዋን መሆን ትፈራለች እንጂ። እሷ ባትኖር እኔ ዛሬ የት እንደምሆን…»

«አውቃለሁ፤ ነግረኸኛል። እኔ የጠየቅሁህ ስለ እሳቸው አይደለም።»

ድንጋዩን ወረወረው። ይህኛው አንዴም ሳይነጥር ሰጠመ። «ፀሐዩ ከረረ፤ ወደ ጥላው እንመለስ» አለና ቀድሟት መውጣት ጀመረ። ቀያሿ ትንሽ ቆየች። ልትጮኽበት ፈልጋ ነበር፤ ተወችው። ሁለተኛውም ንባብ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኗል። ጥሩ መሣሪያም ቢሆን ሦስተኛ ይፈተሻል ብላ፣ ወይም ተስፋ ለመቁረጥ ገና ስላልቻለች፣ ተከተለችው።

ከተማ ሲገቡ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። እትዬ ሙዚየሙን ሳናይማ አንሄድም አሉ። ሙዚየሙ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እትዬ ግን መነጽራቸውን አውጥተው በየመስታወቱ ሥር የተጻፈውን ሁሉ፣ ቁጥሩን ሳይቀር፣ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። አሮጌ የማተሚያ መኪና፣ የመጀመሪያው የእሳት አደጋ ጓድ ቆብ፣ የቀድሞ ከንቲባዎች ወንበር። መጨረሻው ክፍል ውስጥ ከተማው መጀመሪያ የተቀየሰበት መሣሪያ አለ። የሚያስረዳው ጽሑፍ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ የመሣሪያው መነጽር ግን የተገጠመው በተገላቢጦሽ ነው፤ ዓይን የሚጠጋበት ጫፍ ወደ ከተማው፣ ወደ ከተማው የሚያነጣጥረው ጫፍ ወደ ሰው ዞሮ። ቀያሿ አየችው። ባሏ ከጎኗ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ሲያይ ልቧ ትንሽ ተነሣ። ዘጠኝ ከአምስት ላይ «በቃ እትዬ፣ እንሂድ» ሲልማ ሊያደርገው ነው ብላ አመነች።

ከሙዚየሙ ወጥተው ስታዲየሙን በውጭ በኩል ዞሩት። ድልድዩን ተሻገሩ፤ «ከዚያ ማዶ ይበልጥ ያምራል» ተብሎ ተመልሰው ተሻገሩ። እትዬ «ወደ ግራ» ይላሉ፣ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ «ወደ ቀኝ» ይላሉ፣ ወደ ቀኝ። የአውቶቡስ ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ፣ ባለ ሰማያዊ በሩን ጋራዥ ሁለት ጊዜ አለፉ፤ እትዬም ሁለተኛውን ጊዜ እንደ አዲስ አስተዋወቋቸው። በእውነቱ ሰው እንዲህ የሚታለልበት ጊዜ አለ፤ አዲስ ከተማ ውስጥ መንገድ ሁሉ ይመሳሰላል። ነገር ግን ሁለቱ ከፊት የተቀመጡት፣ ከኋላቸው ያስቀመጧት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይን፣ ርቀትንና ማዕዘንን እያየች እንጀራዋን የበላች መሆኗን የዘነጉ ይመስላል። እትዬስ ይሁን፣ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም። እሱ ግን ያውቃል። እሷን በጎዳና ላይ አዙሮ ለማሳት መሞከሩ ከውሸቱ ይልቅ አንጀቷን አሳረራት።

«እትዬ» አለች፣ «ከተማው ውስጥ ስንት ቢጫ የውሃ ታንከር አለ?»

«ኧረ ስንቱ! በየሰፈሩ ነው።»

«አንድ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት የተደገፈስ?»

እትዬ ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

«ዛሬ ሦስተኛችን ነው። መጀመሪያ ከሰሜን መጣን፣ ከዚያ ከምሥራቅ። አሁን እንደገና ከሰሜን እየመጣን ነው።»

የባሏ ማጅራት ሲወጠር ከኋላ ታያት። እትዬ ግን ሳቁ፤ ከልባቸው ነው የሳቁት። «ቀያሽ አግባ ብሎ የመከረህ ማነው?» አሉ ለወንድማቸው። «ሰው ሚስት ያገባል፤ አንተ ሜትር አገባህ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀያሿም ትስቅ ነበር። ወደ ፊት ጠጋ ብላ እጇን የባሏ ወንበር ጀርባ ላይ አኖረች። «ታንከሩ ጋ ወደ ቀኝ» አለችው። «ሁለት መቶ ሜትር ነው። ሃያ ደቂቃ አለን።»

ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አበራ። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሦስቱም ሰሙት። ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላ የሚመጣ መኪና እንኳ ጠብቆ ቆመለት።

«ቀጥል» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ደንበኛው ቀለሙን እየጠበቀ ነው።»

ፍሬቻው ስድስት ጊዜ ቀጭ አለ። ከዚያ መኪናዋ፣ ፍሬቻዋ ወደ ቀኝ እየበራ፣ ቀጥታ ሄደች። ታንከሩ በመስኮቱ በኩል አለፈ፤ ከሥሩ የተደረደሩት ብሎኬቶች አራት ነበሩ።  ፍሬቻውን የሚያጠፋው አልነበረም፤ ቀጣዩ መብራት ድረስ፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል፣ ቀጭ እያለ ሄደ።

መብራቱ ቀይ ነበር። ቀያሿ የባልዲዎቹን እጀታ ወደ ጎን አድርጋ እግሯን አወጣች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ በሩን ከፈተች።

«ወዴት ነው?» አለ ባሏ ዞሮ።

«ጠዋት ‹እሺ› ስትል ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ቀኑን ሙሉ ‹ግን› እስክትል ጠበቅሁህ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። «ግድግዳው ችፑድ ነው፣ እትዬ።»

«ጆሮሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ነው እንዴ የምታድሪው?» አሉ እትዬ። ከፊታቸው ላይ ግን ሳቁ ጠፍቷል። «ተዋት፣ ትሂድ። የት ትደርሳለች? ሲርባት ትመለሳለች።»

በሩን ሳትወረውር ዘጋችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ የቆሙት ጡሩምባ ነፉ፤ ነጯ መኪና ሄደች። ቀያሿ በመጣችበት አቅጣጫ በፈጣን እርምጃ ተመለሰች። አልሮጠችም። ፊቷ እርጥብ መሆኑን ያወቀችው አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ትክ ብላ ስታያት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት የጡረተኛዋን በር አንኳኳች።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ከንግግራቸው እንደተረዳችው እሱ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እሷ ፀጉር ሠሪ ናት። ሾፌሩ የሚስቱን ጃኬት ጭኑ ላይ አጣጥፎ ይዟል። ጡረተኛዋ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር።

«መጣሽ ልጄ። እነዚህ ልጆች ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ እስከ አስር ቃል አለብኝ ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ሰውየውስ?»

«እየመጣ ነው» አለች ቀያሿ። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ውሸት ነበር። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«እየነዳ ነው፣ ሙሽራዬ» አሉ እትዬ። «የሚነዳ ሰው ስልክ አያነሣም፤ ሕግ ነው።»

ከጀርባቸው «ማናት?» የሚል የባሏ ድምፅ መጣ።

«ማንም አይደለም» አሉት እትዬ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ስልኳን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች። ጡረተኛዋ አፍጥጠው እያዩዋት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ጥሪ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የተነሣንና የተዘጋን ስልክ በሰው ፊት ያውቁታል።  ሰዓታቸውን አውልቀው በረንዳው መከታ ላይ አስቀመጡና ከአጠገቡ ቆሙ። ስድስት ደቂቃ ይቀራል። ፀጉር ሠሪዋ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ሾፌሩ በጆሮዋ የሆነ ነገር ሲላት ክርኗን ጎኑ ውስጥ ከታ ዝም አሰኘችው፤ በሰው ሐዘን ላይ ላለመደሰት እየታገሉ ነበር። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አራቱም ወደ በሩ ይዞራሉ። ሁለት መኪና አለፈ። ሦስተኛው ዕቃ መጫኛ ነበር።

«እማማ» አለች ቀያሿ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር። «ቅድም እየመጣ ነው ያልኩዎት ልክ አይደለም። አይመጣም። ልጆቹን ባያስጠብቋቸው ይሻላል።»

«አስር እስኪሆን ቃሌ ነው» አሉ ጡረተኛዋ። እስከ አስር ሰዓት ቆሙ። ልክ አስር ሲሆን ሰዓታቸውን አሰሩና ሁለቱን ቁልፍ ለፀጉር ሠሪዋ ሰጧት። ወጣቶቹ አመስግነው ወደ ክፍሎቹ ገቡ፤ ወዲያው መስኮት ሲከፈት፣ «እዚህ ጋ፣ አይ እዚህ ጋ!» ሲባባሉ ተሰማ።

ቀያሿ ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ በሩ ስትዞር ጡረተኛዋ ጠሯት። «ዛሬ ማታ ወዴት ነሽ?»

«እንጃ።»

«ከኋላ አንዲት ክፍል አለች። እስካሁን ዕቃ ነው የማስቀምጥባት። በደንብ ትዘጋለች፣ መብራት አላት፤ ግን ለአንድ ሰው ናት። ለሁለት ሰው አከራይቼ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ በሳምንታቸው ተደባደቡ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ለአንዲት ሴት ከሆነ ሰው ይዘሽ ነይ አልልም። አንቺን አይቼሻለሁ።»

ክፍሏ ውስጥ ሁለት የተሰበሩ ወንበሮች፣ አንድ ጥቅልል ምንጣፍና ባዶ በርሜል ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ተባብረው አወጧቸው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት። ቀያሿ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳችው። ምንም አያስተላልፍም። ጡረተኛዋ መጥረጊያ ሰጥተዋት ሄዱ፤ ግማሹን ጠርጋ ሳትጨርስ ከውጭ መኪና ቆመ። አስር ሰዓት ከሃያ ስምንት ነበር። ባሏ ብቻውን ገብቶ በክፍሏ በር ላይ ቆመ። እጁ ላይ ነጭ ቀለም ነጥቦበታል፤ ባልዲዎቹ ለደንበኛው ደርሰዋል ማለት ነው።

«ደረስኩ» አለ።

«ሁለቱ ክፍል ሄዷል።»

«ሃያ ስምንት ደቂቃ እኮ ነው።» ዓይኑ ባዶውን ወለል፣ መጥረጊያውን፣ በርሜሉ የነበረበትን ክብ እርጥበት ዞረ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤቴ ነው።»

ከመንገዱ ጡሩምባ ተነፋ፤ አጭር፣ ከዚያም ረዘም ያለ። ትከሻው ሳያውቀው ወደ ድምፁ ዞረ፣ ተመለሰ። «ሰው ይስቅብናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እትዬም ተጸጽታለች። አፍ አውጥታ ባትለውም ያስታውቃል። ነይ እንግባና ቁጭ ብለን እንነጋገር። ችፑዱንም አስቀይረዋለሁ ብላለች።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

እጁ ላይ የነጠበውን ቀለም በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። ጡሩምባው ደግሞ ተነፋ። እሺ ማለቱን ለመስማት ችፑድም ግድግዳም አያስፈልግም ነበር።

«እና እኔ…» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ። «እኔ የት ልተኛ ነው?»

ቀያሿ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከቦርሳዋ የብረት ሜትሯን አወጣችና ጫፉን ሰጠችው። አብረው በኖሩበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ይዞላት ስለሚያውቅ፣ ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ከግድግዳው ጋር ገጠመው። እሷ አልጋ ሊቀመጥበት የሚችለውን ብቸኛ ጥግ፣ ከግድግዳው እስከ በሩ መክፈቻ ድረስ፣ ሜትሩን ወጥራ ዘረጋች፤ ተንበርክካ አነበበች። ልቀቅና እንደገና ግጠም አለችው፤ ለቀቀና ገጠመ። ሁለተኛም አነበበች።

ስፋቱ አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የአንድ ሰው አልጋ።